«ኤፒኡሲዮስ»፤ የዕለት ነው ወይስ የነገ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክርስቲያን ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃሉ የሚያውቀው፣ ጧትና ማታ የሚደግመው ጸሎት አቡነ ዘበሰማያት ነው። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም፣ መጻሕፍትን የዘለቀው ሊቅም በዚህ ጸሎት ፊት እኩል ናቸው። ነገር ግን በቃል የታወቀ ሁሉ በልብ የታወቀ አይደለም፤ አፍ የለመደውን ነገር ልብ ሳይመረምረው ብዙ ዘመን ያልፋል። በዚህ ጸሎት መካከል በጽርእ ቋንቋ «ኤፒኡሲዮስ» የሚባል አንድ ቃል አለ። እኛ በግዕዝ «ዘለለ ዕለትነ»፣ በአማርኛ «የዕለት» የምንለው እርሱን ነው። ሊቃውንት የዚህን ቃል ትርጉም ከ1700 ዓመት በላይ ሲመረምሩ ኖረዋል። ዛሬ ስለዚሁ ቃል ጥቂት ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ወጣት ያቀረበልን ጥያቄ ነው።

ይህ ወጣት በዐረብ አገር ጥቂት ዓመታት በሥራ የቆየ፣ ዐረብኛም የለመደ ነው። በዚያ ሳለ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያው ስላልነበረች በግብጻውያን ኦርቶዶክሳውያን ቤተ ክርስቲያን ያስቀድስ ነበር። ከእነርሱም ጋር አቡነ ዘበሰማያትን በዐረብኛ ሲደግም፣ እኛ የዕለቱን እንጀራ በምንለምንበት ስፍራ እነርሱ የነገ እንጀራቸው ዛሬ እንዲሰጣቸው ሲለምኑ ሰማ። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ወደ እኛ መጥቶ፣ «አባቴ፣ ሃይማኖታችን አንድ ሲሆን ጸሎታችን ስለ ምን ተለያየ? ከሁለታችን የተሳሳተው ማን ነው?» ሲል ጠየቀን።

ጥቂት ዝም ካለ በኋላም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፤ «ይህን የምጠይቅዎ ለክርክር ብዬ አይደለም። እዚያ ሳለሁ ያሠራኝ ሰው ደመወዜን ብዙ ወር ያዘብኝ። በጠየቅሁት ቁጥር ነገ፣ ነገ ይለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ እዚህ ሆና እጄን ትጠብቃለች። ማታ ማታ ስጸልይ የዛሬውን ልለምን ወይስ የነገውን እያልሁ አፌ ይያዝብኝ ነበር።»

ይህ ጥያቄ ከትምህርት ፍቅር ብቻ የመጣ ሳይሆን ከተጨነቀ ልብ የወጣ ስለ ሆነ፣ በችኮላ «ሁለቱም አንድ ነው» ብለን ልናሰናብተው አልወደድንም። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ ጀምረን እንመርምረው።

ቃሉ የሚገኝበት ስፍራ

ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረውን ይህን ጸሎት የጻፉልን ሁለት ወንጌላውያን ናቸው፤ ቅዱስ ማቴዎስ በ6ኛው ምዕራፍ፣ ቅዱስ ሉቃስም በ11ኛው ምዕራፍ። ሁለቱ በሌላው ነገር ጥቂት ጥቂት ሲለያዩ በዚህ ቃል ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «አርቶን ኤፒኡሲዮን» ብለው ጽፈዋል። «አርቶስ» ኅብስት፣ እንጀራ ማለት ነው፤ ይህ አያከራክርም። ያከራከረው «ኤፒኡሲዮስ» የሚለው ቅጽል ነው።

የሚያስደንቀው ይህ ቅጽል በብሉይም ሆነ በሐዲስ በሌላ በማናቸውም ስፍራ አለመገኘቱ ነው። የእስክንድርያው አርጌንስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ስለ ጸሎት በጻፈው መጽሐፍ ይህን ቃል አንሥቶ ነበር። ይህ ሰው በሌላ ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያን የተነቀፈ ቢሆንም፣ ጽርእን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚናገር፣ መጻሕፍትንም ጠንቅቆ ያነበበ ስለ ነበረ ስለ ቃሉ የሰጠው ምስክርነት ይጠቅመናል። እርሱም ቃሉን በጽርእ ሊቃውንት መጻሕፍትም ሆነ በተራው ሰው አነጋገር እንዳላገኘው፣ ወንጌላውያንም ራሳቸው ያበጁት እንደሚመስለው ተናግሯል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ቃሉ በሌላ ስፍራ ተገኘ የሚል ወሬ ተሰማ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 እና በ1889 ዓ.ም. ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ በግብጽ በፋዩም አውራጃ ሐዋራ በሚባለው ስፍራ እየቆፈረ ብዙ የፓፒሩስ ጽሑፎችን አወጣ። ከእነዚያ አንዱ ልዩ ልዩ ወጪ የተመዘገበበት ቁራጭ ነበረ። ሴይስ የተባለው ሊቅ ይህን አንብቦ፣ «ኤፒኡሲ» ብሎ የሚቋረጥ ቃል አለበት ሲል አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸሐፊዎች «ቃሉ የዕለት ቀለብ ማለት ነው፤ ምስክሩም ይኸው ተገኘ» እያሉ በየመዝገበ ቃላቱ አስገቡት። ፓፒሩሱ ግን የገባበት ስለ ጠፋ ዳግመኛ አይቶ የሚያረጋግጥ አልነበረም። በመጨረሻ በ1998 በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። እንደ ገና ቢነበብ ቃሉ «ኤላዩ» ሆነ፤ ይኸውም «የዘይት» ማለት ነው። አንድ ሰው የዘይት ዋጋ የመዘገበበት ቁራጭ፣ የጌታን ጸሎት ይተረጉማል ተብሎ መቶ ዓመት ያህል ተጠቅሶ ኖረ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ቃሉን ከጌታ ጸሎትና ጸሎቱን ከሚጠቅሱ መጻሕፍት በቀር ሌላ ስፍራ እንደማናገኘው ነው። ሁለተኛው፣ ጽሑፉን በዓይን ሳያዩ በሰው ንባብ ብቻ ተደግፎ ፍርድ መስጠት አስተማሪንም ተማሪንም እንደሚያሳስት ነው።

ቃሉ ከምን እንደሚወጣ

ቃሉ ሌላ ምስክር ከሌለው ትርጉሙን ከአካሉ መፈለግ ግድ ይሆናል። ሊቃውንትም በዚህ በሦስት መንገድ ሄደዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቃሉ «ኤፒ» እና «ኡሲያ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥሟል ይላሉ። «ኡሲያ» ህላዌ፣ ባሕርይ ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ሲመሰክሩ «ሆሞኡሲዮስ» ያሉት ከዚሁ ቃል አውጥተው ነው። በተራው ሰው አነጋገር ደግሞ «ኡሲያ» ሀብት፣ ገንዘብ ማለት ነው፤ በሉቃስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ የጠፋው ልጅ ከአባቱ የተካፈለው ገንዘብ በዚህ ስም ተጠርቷል። በዚህ መንገድ ከሄድን «ኤፒኡሲዮስ» ማለት ሰው በሕይወት ለመኖር የሚያስፈልገው ማለት ይሆናል፤ አንድም ለነፍስ ባሕርይ የሚስማማ፣ ከምድራዊው ባሕርይ በላይ የሆነ ማለት ይሆናል።

ሁለተኛዎቹ «ኡሳ» ከሚለው ቃል ይወጣል ይላሉ። ይህም «ያለችው» ማለት ነውና ያለንባት ቀን፣ የዛሬዪቱ ዕለት ትሆናለች።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ «ኤፒኡሳ» ከሚለው ያወጡታል። ይህ «የምትመጣው፣ የምትከተለው» ማለት ሲሆን «ዕለት» የሚለው ቃል ሳይነገር ይታወቃል። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ የተለመደ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ በ16ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስ በመርከብ ሲሄድ በማግሥቱ የደረሰበትን ሲናገር ይህን ቃል ይጠቀማል። በመጽሐፈ ምሳሌ በ27ኛው ምዕራፍም ሰው ነገ የሚሆነውን አያውቅምና ስለ ነገ እንዳይመካ በሚመክረው ስፍራ፣ የጽርኡ ትርጉም ነገን በዚሁ ቃል ይጠራታል። ሄሮኒሞስም በዕብራውያን ስም በሚጠራው ወንጌል በዚህ ስፍራ «ማሐር» የሚል ቃል እንዳገኘ መስክሯል፤ «ማሐር» በዕብራይስጥ ነገ ማለት ነው።

የሰዋስው ሊቃውንት ለዚህ ለሦስተኛው አሳብ አንድ ድጋፍ ይጨምሩለታል። «ኤፒ» የሚለው ቃል በድምፅ በሚጀምር ስም ላይ ሲገጥም መጨረሻውን መጣል ልማዱ ነው፤ ስለዚህ ሰማያዊ ለማለት «ኤፑራኒዮስ» ይባላል እንጂ «ኤፒኡራኒዮስ» አይባልም። የእኛው ቃል ከ«ኡሲያ» ቢወጣ ኖሮ «ኤፑሲዮስ» ይባል ነበር ይላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ የማይቀርባቸው ቃላት ስላሉ ነገሩን ብቻውን አይቈርጠውም።

አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደ ተረጐሙት

ትርጓሜው በየአገሩ የተለያየው ከዚህ የተነሣ ነው። ከጥንቶቹ የሱርስት ትርጉሞች አንዱ «ዘወትር የማይቋረጥ» እንጀራ ሲል፣ ከእርሱ በኋላ የተሠራውና ፔሺታ የሚባለው «የሚያስፈልገን» ይላል። ግብጻውያን በቅብጥ ቋንቋ ሲተረጉሙ በታችኛው ግብጽ «የነገ»፣ በላይኛው ግብጽ «የሚመጣው» አሉት። ወጣቱ በዐረብኛ የሰማው ጸሎት የመጣው ከዚህ ነው።

በሮማይስጥም የቀደሙት ተርጓሚዎች «ኮቲዲያኑም»፣ ማለት «የየዕለቱ» ብለው ነበር። ሄሮኒሞስ በአራተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ትርጉሙን ሲያርም በሉቃስ ይህንኑ ቃል ተወው፤ በማቴዎስ ግን ለውጦ «ከባሕርይ በላይ የሆነ» የሚል ትርጉም ሰጠው። አንዱ ሊቅ አንዱን የጽርእ ቃል በሁለት ስፍራ ሁለት አድርጎ ተረጐመ። ይህ የሚያሳየው ቃሉ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ነው።

አሁን ወደ ግዕዙ እንመለስ። ወንጌል ከጽርእ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። አባቶቻችን በዚህ ስፍራ ያደረጉትን አስተውሉ። አንደኛ፣ ጽርኡ እንጀራ ሲል እነርሱ «ሲሳይ» አሉ፤ ሲሳይ ኅብስት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ምግብ ሁሉ ነው። የአማርኛው «እንጀራ» ምግቡን ብቻ ሳይሆን ኑሮንም የሚያመለክት ስለ ሆነ ይህን ስፋት አላጣም፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ይባላልና። ሁለተኛ፣ የዛሬን ብቻ ለማለት ቢወዱ «ዘዮም» ባሉ ነበር፤ እነርሱ ግን «ዘለለ ዕለትነ» አሉ። «ለለ» የሚለው ቃል ነገርን አንድ በአንድ የሚያከፋፍል ነው፤ በአማርኛ «በየ» እንደምንለው። ስለዚህ የግዕዙ ቃል ዛሬን ከነገ የሚለይ ሳይሆን፣ ዕለታትን በየተራቸው እንደ አመጣጣቸው የሚቈጥር ነው። ዛሬ አለችበት፤ ነገም ተራዋ ሲደርስ አለችበት። የምትመጣውን ዕለት ከሚለው የጽርእ ቃል ጋር የሚያጣላው ነገር የለም።

የዕለትና የነገ መስማማት

«የነገ እንጀራ ዛሬ ከተለመነ፣ ጌታ በዚሁ በ6ኛው ምዕራፍ በፍጻሜው ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ያዘዘው እንዴት ይሆናል?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ይህ ነው፤ መጨነቅ ነገን በራስ ትከሻ መሸከም ነው፤ መለመን ግን ሸክሙን ለሚችለው ማስረከብ ነው። ልጅ ማታ ሲተኛ «አባዬ፣ ነገ ምን እንበላለን?» ብሎ ቢጠይቅና አባቱ «አለልህ» ቢለው ተኝቶ ያድራል። አባት እንደሌለው ሰው ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አያድርም።

ደግሞም የዕለትን አቈጣጠር እናስታውስ። በኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ማታ ከጧት ቀድሞ ይቈጠራል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በዓልን ከዋዜማው ትጀምራለች። ስለዚህ ሰው ማታ ቆሞ ሲጸልይ የምትመጣው ዕለት ጀምራለች፤ ጧት ሲጸልይም የምትመጣው ዕለት ብርሃኗ የወጣላት ይህቺው ዛሬ ናት። ጸሎቱ በጧት ቢጸለይ የዛሬ፣ በማታ ቢጸለይ የነገ ይሆናል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚፈታልን የመና ታሪክ ነው። በኦሪት ዘጸአት በ16ኛው ምዕራፍ እስራኤል በምድረ በዳ የየዕለቱን ብቻ እንዲሰበስቡ ታዘዙ። ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነለት አንድ ጎሞር ነበር። ለነገ ብሎ ያሳደረው ሰው በነጋው ተልቶና ሸቶ አገኘው። በ6ኛው ቀን ግን ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጎሞር ተሰጣቸው፤ የሰንበትን ምግብ በዋዜማው ተቀበሉ። ያም አደረ፤ አልተላም፤ አልሸተተምም። ልብ በሉ፤ መናው ያው አንድ መና ነው። በስስት ለነገ የተያዘው ተላ፤ እግዚአብሔር ለነገ ብሎ ዛሬ የሰጠው ግን ሳይበላሽ አደረ። እንግዲህ «የነገ እንጀራችንን ዛሬ» ማለት ጎተራ መሙላት አይደለም፤ ሰንበት እንደሚመጣ የሚያውቀው አምላክ የሰንበቱን ድርሻ በዋዜማው እንዲሰጠን መለመን ነው። «የዕለት» ስንል ስስትን እናርቃለን፤ «የነገ» ሲሉ ደግሞ ፍርሃትን ያርቃሉ። ግብጻውያን ወንድሞቻችንና እኛ የአንዱን መና ሁለት ወገን ይዘናል እንጂ አልተለያየንም።

የነፍስና የሥጋ እንጀራ

አባቶች በትርጓሜያቸው «አንድም» የሚሉት አንዱን አሳብ በሌላው ለማፍረስ ሳይሆን ምስጢሩን ለማስፋት ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ይህን እንጀራ የአንድ ቀን ምግብ ይለዋል፤ ጌታ ሥጋ የለበሱ ሰዎች ምን እንደሚያስፈልጋቸው ያውቃልና የሥጋን ችግር አልናቀም ይላል። ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ደግሞ ለአዲስ ተጠማቂዎች ምስጢራትን በሚያስተምርበት ስፍራ ለነፍስ ባሕርይ የሚሆን ቅዱስ እንጀራ ነው ይላል። ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ከሰማይ የወረደ የሕይወት እንጀራ እርሱ እንደ ሆነ አስተምሯል። የምትመጣው ዕለት ዘለዓለማዊቷ ዕለት ናት፤ እንጀራዋንም ዛሬ በቅዱስ ቍርባን እንቀበላለን።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ረቂቁን ምስጢር ይዞ ግዙፉን መናቅ አይገባም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም በባዶ እጅ በሰላም ሂድ የሚለውን ሰው ገሥጿል። የጠገበ ሰው ለተራበው «እንጀራው የነፍስ ነው» ብሎ ቢተረጉምለት ትርጓሜው ትክክል ቢሆንም ፍቅሩ ሐሰት ነው።

ነገ የሚለው ሰው

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። በዚህ ልመና ውስጥ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንዲት ፊደል አለች፤ እርሷም «ነ» ናት። «ሲሳየነ» እንላለን እንጂ «ሲሳይየ» አንልም። ልመናው የብቻ አይደለም። እግዚአብሔር ደግሞ እንጀራን ለሁሉ በየደጁ አያዘንብም፤ ብዙ ጊዜ የአንዱን ድርሻ በሌላው እጅ ያኖረዋል። የሠራተኛው እንጀራ በአሠሪው እጅ አለ፤ የእናት እንጀራ በልጅ እጅ አለ፤ የድኻው በባለጸጋው እጅ አለ። ስለዚህ አሠሪ ሆኖ ይህን ጸሎት የሚጸልይ ሰው በእጁ ያለውን የሌላ ሰው እንጀራ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የድኻው ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ እንዲከፈለው ያዛል፤ ነፍሱ እርሷን ተስፋ ታደርጋለችና። መጽሐፈ ምሳሌም በ3ኛው ምዕራፍ በእጅህ ሳለ ወንድምህን ነገ እሰጥሃለሁ እንዳትል ይከለክላል።

እንግዲህ «ነገ» የሚለው ቃል በሁለት አፍ ሁለት ይሆናል። እግዚአብሔር ነገን ወደ ዛሬ ያመጣል፤ ግፈኛ ሰው ግን ዛሬን ወደ ነገ ይገፋል። ጸሎታችን የመጀመሪያውን እንለምንበታለን፤ ሁለተኛውን ከእጃችን እናርቅበታለን።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ በነገርነው ጊዜ እንዲህ አልነው፤ «ልጄ፣ አፍህ የተያዘው አላዋቂ ስለ ሆንህ አይደለም። ጸሎቱ የዛሬንም የነገንም ስለሚይዝ፣ አንተም ሁለቱንም ስለ ተቸገርህ ነው። በግዕዝ ብትለው አልተሳሳትህም፤ ከግብጻውያን ጋር በዐረብኛ ብትለውም አልተሳሳትህም። እናትህ ከእጅህ የምትጠብቀውን ስታስብ «ነ» የምትለዋን ፊደል አጥብቀህ በል፤ በዚያች ፊደል ውስጥ እርሷ አለችና።»

ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያስ አባቴ፣ ያ ሰውም በዚያች ፊደል ውስጥ አለ ማለት ነው?» አለን። «አዎን፣ አለ፤ ስለ እርሱም መጸለይ ይገባሃል፤ ጸሎት ግን ደመወዝህን በሕግ ከመጠየቅ አይከለክልህም» አልነው። እስከምንጽፍበት ቀን ደመወዙ አልተከፈለውም። እርሱ ግን እዚሁ በቀን ሥራ ገብቶ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለእናቱ የገዛላትን እህል አሸክሞ ሲያልፍ አየነው።

አንባብያን ሆይ፣ ወንጌላውያን ሌላ ሰው ያልተናገረበትን ቃል ለዚህ ልመና ሰጥተውታል። እኛም ዛሬ ማታ ይህን ጸሎት ስንደግም በዚህ ቃል ላይ ስንደርስ ጥቂት እንቁም፤ የማን እንጀራ በእጃችን እንዳለም እናስብ። አስበንም «ነገ» አንበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።